አልጀብራና ፎሶሊያ

ሰኞ፣ ጁላይ 14

ኪያር በኮምጣጤ ስዘፈዝፍ ዋልኩ። ሽታው ከእጄ አልለቅ ብሏል። የምግብ ጠረጴዛው ላይ የትምህርት ካታሎግ ስለተቆለለ ዛሬም ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን በላን።

ልጄ ታቢታ በኦገስት መጨረሻ አሥረኛ ክፍል ትጀምራለች። ፊደል ካስቆጠርኳት ቀን ጀምሮ አስተማሪዋ እኔው ነኝ፤ እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ። ታሪኩም ድርሰቱም አያቅተኝም። የመጀመሪያውን አልጀብራም አብረን ጨርሰናል። ሁለተኛው አልጀብራ ላይ ግን የእኔም እውቀት አለቀ። እና የኦንላይን ክፍል ሊፈለግላት ነው። የቱ? አንዱን ስከፍት ሌላው ይሻላል እላለሁ፤ ሌላውን ስከፍት የመጀመሪያው ይናፍቀኛል።

ልጅቷ የከብት ሐኪም ነው መሆን የምትፈልገው። ላሞቻችን ሲወልዱ ከሐኪሙ ጎን ጠፍታ አታውቅም። ያለ ሒሳብ ደግሞ ያ በር አይከፈትም።

ድዋይት ዛሬ እንደ ባል ሳይሆን እንደ ዳኛ ነው የተናገረው። እስከ ኦክቶበር ይሞከር፣ ካልሆነ ከተማው ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ቢጫው የተማሪዎች አውቶቡስ እንደሆነ በደጃችን ነው የሚያልፈው... እሺ አልኩት። ለምን እሺ አልኩ?

ቅዳሜ፣ ጁላይ 19

በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ያገለገሉ መጻሕፍት ሽያጭ ነበር። እንደኔ ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ እናቶች ሁሉ መጥተዋል። ምንም አልገዛም ብዬ ነው የሄድኩት። አንድ ሙሉ ካርቶን ይዤ ተመለስኩ።

ማርላ ልጆቿን በሙሉ ቤት አስተምራ የጨረሰች ሴት ናት፤ ምክሯም አያልቅ። መጽሐፉ ካልተስማማት ቀይሪው፣ ልጅ አይደለም የሚቀየረው አለችኝ። ልክ ነው። ልክ ነው መሰለኝ።

ድዋይት ካርቶኑን አይቶ፣ "እንግዲህ መጻሕፍቱ እርስ በርሳቸው ይማማሩ" አለ። አልሳቅኩለትም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 23

ሦስት የሙከራ ክፍሎች አየን። አንዱ በካርቱን የሚያስተምር፣ በራሱ ቀልድ የሚስቅ ሰውዬ። ሁለተኛው ሰው የሌለበት፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ያርማል። ሦስተኛው በቀጥታ የሚሰጥ፤ አስተማሪው ሚስተር ሊንድኲስት ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው እንቅልፍ የሚያመጣ።

ሁለተኛውን ወደድኩ። አቁመን፣ መልሰን፣ አብረን ልናየው እንችላለን። ታቢታ ሦስተኛውን አለች። ለምን ብላት ላፕቶፑን ዘጋችው።

"ሰውየው አያውቁኝማ" አለች በኋላ።

ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ምክንያት ነው?

ረቡዕ፣ ጁላይ 30

የመግቢያ ፈተናውን ወሰደች። አለፈች! ለሁለተኛው አልጀብራ ዝግጁ ናት ይላል፤ ያውም በጥሩ ውጤት።

አጠገቧ ሆኜ ፎሶሊያ እየቀነጠስኩ ነበር። አልረዳኋትም። አንድም ቃል አልተነፈስኩም። አንዳንዴ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትጽፋለች... ደስ ይላል ሲያዩት። ስህተቷን ራሷ የምታገኝ ልጅ። እኔ ነኝ ያሳደግኳት።

ለድዋይት ስነግረው ሳልኮራ አልቀረሁም። የኮክ ፓይ ጋገርኩ።

ሰኞ፣ ኦገስት 25

የመጀመሪያው የክፍል ቀን። በመጨረሻ የታቢታ ምርጫ፣ ሦስተኛው ሆኗል። ሚስተር ሊንድኲስት ወላጅ በክፍል ሰዓት ከተማሪው አጠገብ አይቀመጥ ብለዋል። ታቢታ ላፕቶፗን ይዛ ክፍሏ ገባች፣ በሩ ተዘጋ።

ቤቱን ሁለቴ ጠረግኩ። አንዴ ለሳሙና ብዬ በበሯ አለፍኩ። አንዴ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 5

የመጀመሪያው ፈተናዋ መጣ፦ ከመቶ ሠላሳ ስምንት።

እኔ ከዘጠና በታች ሰጥቻት አላውቅም። ድዋይት ይሄን ስለው ከጓሮ የቀረውን ቲማቲም እየቆረጠ፣ "ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ" አለ። ቀልዱ ነው። ከዚያ ደግሞ ኦክቶበርን አስታወሰኝ። እንዳልረሳሁት እያወቀ።

ታቢታ በላች፣ ጥጆቹን ልታይ ወጣች። የበረቱ መብራት እንደበራ ነው። ቁጭ ማለት አቃተኝ። ካታሎጎቹን እንደገና ከካርቶን አወጣኋቸው። የካርቱኑ ሰውዬ ይሻል ይሆን? ቢያንስ ያስቃል።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ፈተናውን አብረን ደገምነው። በጠረጴዛው ላይ፣ እንደ ድሮው። ሁሉንም አገኘች። ሁሉንም!

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ለሚስተር ሊንድኲስት ጻፍኩላቸው። ማርላ እንኳ ብታነበው ለስለስ አድርጊው የምትለኝ ዓይነት። ልጄ ጥያቄዎቹን በሙሉ ትሠራለች፤ እርስዎ ጋ ብቻ ነው የሚጠፋባት፤ ምን ይሆን አልኳቸው።

በሁለት መስመር መለሱ። እርስዎ ከቤት ወጥተው ትድገመው። ያገኘችውን ይላኩልኝ።

ከቤት ውጪ! በገዛ ቤቴ!

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10

ወጣሁ። ፒካፑ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ የት እሄዳለሁ? የጎረቤት በቆሎ ማጨጃ ሲሄድ ሲመለስ አያለሁ።

ስመለስ ከግማሽ በላዩ ስህተት ነው። ከትናንት በስቲያ ያገኘቻቸው ጥያቄዎች፣ ያው ቁጥር፣ ያው። ደክሞሻል ወይ አልኳት። አሞሻል?

ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ ብላ አይታኝ አታውቅም።

"እማ፣ ስሳሳት ፎሶሊያ መቀንጠስ ታቆሚያለሽ።"

አልገባኝም።

"ትቀነጥሺያለሽ፣ ትቀነጥሺያለሽ... እሳሳታለሁ፣ ዝም ትያለሽ። አጠፋዋለሁ። ልክ ስጽፍ ትቀጥያለሽ።"

ፎሶሊያ በሌለ ጊዜስ አልኳት። ሲኒውን ትይዣለሽ፣ አትጠጭም አለች። ሹራብ ከያዝሽ መርፌው ይቆማል። ሁልጊዜ?... ሁልጊዜ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እሷም አታውቀውም፤ ሒሳብ እንዲህ የሚሠራ ነበር የመሰላት።

የመግቢያ ፈተናውስ?

"እሱን ያለፍሽው አንቺ ነሽ" አለች። በክፋት አይደለም። ይሄ ነው የከበደኝ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11

ከጠዋት ጀምሮ እጄን እያየሁ ነው። ዳቦ ስቆርጥ፣ ልብስ ሳጥፍ። እጅ እንዲህ ይናገራል?

አስተማሪ ነኝ ስል ኖርኩ። የማስተምራት የመሰለኝ አልጀብራ ነበር፤ እሷ የተማረችው እኔን ነው። አፈርኩ። አዘንኩም። መጽሐፍ መቀያየሬ... አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነበር ለካ።

ከሰዓት በኋላ የካርቱኑ ሰውዬ ጋ እንመዝገብ፣ ከሥር ይጀምራል አልኳት። አሁንም ልመርጥላት! ታቢታ ላፕቶፑን ወደሷ አዞረችው። የመግቢያ ፈተናውን ብቻዬን እደግመዋለሁ፣ የሚለኝ ክፍል እገባለሁ አለች። መኪና ውስጥ ጠብቂኝ አለች።

ጠበቅኩ። አንድ ደረጃ ወደ ታች፣ የመጀመሪያው አልጀብራ፤ አብረን "የጨረስነው"። ያው ሚስተር ሊንድኲስት፣ ከእሷ የሚያንሱ ልጆች ጋር። ቅር አይልሽም ብላት፣

"ይለኛል። ግን እዚያ የተጻፈው የኔ ነው" አለች።

ለድዋይት እሷው ነገረችው። አልቀለደም። ኦክቶበር ግን ኦክቶበር ነው አለ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ማታ ውርጭ ይወርዳል ተብሏል፤ የቀረውን ፎሶሊያ ሁሉ ለቀምኩ። ከዚያ ፒካፑ ውስጥ ገባሁ፤ የምዕራፍ ፈተና አላት። ከፈተናው ጀምሮ እስኪታረም እዚያው ነኝ። እግሬ ደነዘዘ። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ጸለይኩ ልበል? እንደ ጸሎት ያለ ነገር።

ጃኬት ሳትለብስ ወጣች። መስኮቱን አወረድኩ።

"ሰባ አንድ።"

ከዘጠና በታች ሰጥቼ የማላውቅ ሴት፣ ሰባ አንድ ሲባል ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስንቱ ልክ እንደሆነ፣ የቱን እንደሳተች ልትነግረኝ ጀመረች፤ የሳተችውን ስትነግረኝ ነበር ይበልጥ ደስ ያላት። ሁለተኛውን አልጀብራ በበጋ እይዘዋለሁ፣ መርጬዋለሁ አለች። የቱን ብዬ ልጠይቅ አፌ ላይ ደርሶ... ዋጥኩት።

እራት ላይ ድዋይት ድንቹን እያሳለፈ ሰማ። ሰባ አንድ ደግሞ ውጤት ነው አለ፤ ግን ሳቅ እያለ። ሳህኑን አስቀመጠና፣

"አውቶቡሱ ይለፍ በቃ" አለ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ጓሮው በውርጭ ጠቁሯል። ጠዋት የፒካፑን ቁልፍ ሳነሳ ታቢታ ላፕቶፗን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ውጪው ብርድ ነው አለች። የክፍል ሰዓት አይደለም፣ ልምምድ ነው፣ እዚሁ ሁኚ አለች።

ስቀነጥስ ትሰሚኛለሽ አልኳት።

"አሁን አልሰማሽም፣ እማ።"

እንዴት ደስ እንደሚል፣ እንዴት እንደሚያም... ሁለቱም አንድ ላይ ነው የመጡት። ተቀመጥኩ። የመጨረሻውን ፎሶሊያ መቀንጠስ ጀመርኩ። ላለማየት ሞከርኩ፤ አየሁ። ሦስተኛው ላይ የቅነሳ ምልክቱን ረሳችው። እጄ ቆመ። ራሱ ነው የቆመው፣ እኔ አላቆምኩትም።

ቀና አላለችም። ወደሚቀጥለው መስመር አለፈች፣ ስህተቷን ይዛ።

ቅንጠሳዬን ቀጠልኩ።