የዶለዶመ እርሳስ

ይድረስ ለእትዬ ያድቪጋ፤ እንዴት ከርመሻል? እኔ ከለንደን ጭጋግና ከናፍቆትሽ በቀር የነካኝ የለም።

አብረው የተዋጉት መንግሥታት፣ አውሮፓ ዳግም እንዳትታመስ ብለው የተስማሙበትን አዲስ ድንበር ካርታ ላይ የማሰምረው እኔ ነኝ። ትናንት አለቃዬን ሚስተር ፔንሮዝን፣ "መንደራችን ከመስመሩ ወዲህ ነው ወዲያ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ከሥሩ ነዋ! እርሳስሽ ዶልዱሟል፣ የኔ ልጅ" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ለመሆኑ ጉልበትሽ ተሻለሽ? ድልድዩስ አሁንም ያሻግራል? እንግዲያው ዛሬ ነገ ሳትይ ከወንዙ ማዶ፣ እርሳሴ ከማይደርስበት፣ አክስታችን ዘንድ ሄደሽ ሰንብቺ፤ ናፍቃሻለች። ሙቀቱ ቢገባም ወፍራሙን ካፖርትሽን እንዳትረሺ፤ የእማዬንም ፎቶ።

ቸር ያገናኘን።

እርሳሷን ስትቀርጽ የዋለችው እህትሽ፣ ሚካሊና