የሚያከሳው ዱቄትና እህታችን

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ፣ ገበያህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? እንቅልፉን የምጠይቅህ ከልቤ ነው፤ ለመሆኑ ይወስድሃል? እማዬስ ወገቧን ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ስደውል የምታነሳው አንተ ብቻ ነህ፤ ታናሻችንን ጩጬን አቅርብልኝ ባልኩህ ቁጥርም «ተኝታለች» ትለኛለህ። ስለዚህ ዛሬ ወረቀት መረጥኩ።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። የሰው ጉበት ሴል በሳህን ላይ አሳድጋለሁ፤ አዲስ መድኃኒት ሰው ከመዋጡ በፊት እነሱ ይቀምሱታል። አንተም የምትሸጠውን የሚያከሳ ዱቄት ልከህ «እስቲ ፈትሺልኝ» አልከኝ። አለቃዬን ለምኜ ፈተሽኩት። መጀመሪያ ያጠጣሁት ከድሮ የጉበት ዕጢ ተወስደው ዝም ብለው የሚባዙትን ሴሎች ነበር። እነሱ የጉበትን ሥራ ከረሱት ቆይተዋል። ምንም አልሆኑም። «ይሄ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ዋናው ፈተና ይቀራል፣ ታገሥ» አልኩህ። አንተ ግን ስልኩን ዘግተህ ሳትጨርስ ፓኬቱ ላይ «በላቦራቶሪ የተረጋገጠ» ብለህ ለጠፍክ።

ቀጥሎ ከለጋሽ ጉበት የመጡትን አጠጣኋቸው። እነዚህ ሥራቸውን አልረሱም፤ የመጣላቸውን ሁሉ ይሰባብራሉ። ያንተ ዱቄት መርዝ የሚሆነው ደግሞ ሲሰባበር ነው። ጠዋት ሙቀት ማቆያውን ስከፍት ከሳህኑ ተላቅቀው እንደ ገለባ ይንሳፈፉ ነበር። ሥራ ፈቶቹ ተረፉ፣ ሠራተኞቹ አለቁ። ሥራ ፈት መቼም አይሞትም፤ አንተ ምስክር ነህ።

ይህንንም ወዲያው ነገርኩህ። «ሳህን ላይ ያለ ሴል ምን ሆድ አለውና ነው?» ብለህ ሳቅክ። ሳቅህ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። ከዚያ ጩጬን ዱቄቱን እያጠጣህ ከሱቁ በር በርጩማ ላይ አስቀምጠህ ለገዢው ሁሉ «እዩዋት፣ እንዴት እንደከሳች!» ትል ጀመር። ይህን የነገረኝ ጎረቤትህ ልብስ ሰፊው ነው። ቀሚሷን ደጋግሞ ያጠበበላት እሱ ነዋ። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፣ ምግብ አስጠልቷታል፣ ስትነሳ ግድግዳ ትደገፋለች አለኝ። «ይቅርብሽ» ቢላት «ወንድም ጋሼ እኔን አይጎዳም» አለችው። ለእማዬ ደግሞ «የወፍ በሽታ ነው፣ ያልፋል» ብለሃታል አሉ። ወፊቱ ካንተ ፓኬት እንደበረረች አሳምረህ ታውቃለህ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔ ሳህን ላይ ለሞቱት አዘንኩ፤ አንተ ለእናትህ ልጅ አላዘንክም። እጠላሃለሁ ልልህ ነበር፤ ቃሉ አነሰብኝ።

የእማዬን ጉልበት ስመህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ዱቄቱን በየፓኬቱ ስትሰፍር አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ለምትሸፍነው ሚስትህም ልዩ ሰላምታዬ ይድረሳት። ልብስ ሰፊውን እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ፤ ቂም ብትይዝበት ግን ጠብህ ከእኔ ጋር ነው።

አንተ ደብዳቤ ገልጠህ እንደማታውቅ፣ ቤታችን የገባ ወረቀት ሁሉ እማዬ ፊት በጩጬ አፍ እንደሚነበብ አውቃለሁ። በእሷ ስም ብጽፍ አይደርሳትም፤ በአንተ ስም የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ጩጬዬ፣ የራስሽን በሽታ በራስሽ ድምፅ ማስነበቤ ጭካኔ ነው። አውቃለሁ። ወንድም ጋሼ ሌላ በር አልተወልኝም። እዚህ ድረስ ካነበብሽ፣ እማዬ ወረቀቱን እንዳይነጥቅሽ እጁን ይዛዋለች ማለት ነው። አሁን ወረቀቱን ስጪው፣ ይቅደደው። አንቺ ፓኬቱን ይዘሽ፣ እማዬን አስከትለሽ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ። በርጩማው ላይ እሱ ይቀመጥበት።

እህታችሁ
ከሴሎቹ ክፍል፣ ኅዳር ፲፬ ቀን