ካርታው ላይ የጠየቅሽኝ ቦታ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

የሚጡ እናት፣ ሆዴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እህትሽ ቤት መሆንሽ ትንሽ ያሳርፈኛል፤ እሷ ካልበላሽ አትለቅሽም። የኩሽናው ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል። የሚጮህብኝ ስለሌለ አልጠገንኩትም።

ልጃችንን ከቀበርን ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅሽኝ፦ «የፈረምኩበት መድኃኒት ነው ልጄን የገደላት?» በቤተ ሙከራ የምናወጣው የሰው ሴል ካርታ ሲያልቅ እነግርሻለሁ ብዬሽ ነበር። ሰኞ አለቀ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ዲኤንኤ እንደ ክር ይጠማዘዛል፤ ሲወጠር አንድ ኢንዛይም ይቆርጠውና መልሶ ይቀጥለዋል። የሚጡ መድኃኒት ኢንዛይሙ ከቆረጠ በኋላ መልሶ እንዳይቀጥለው ይይዘዋል፤ የካንሰሩ ሴል የሚሞተው በዚህ ነው። እኛ የተቆረጠበትን ቦታ ሁሉ እየለቀምን ካርታ እናወጣለን። በእርሾ ሴል ስንጀምር ዳቦ ዳቦ እየሸተትኩ እገባ ነበር። በሩ ላይ ጎንበስ ስልላት አንገቴን አሽትታ «ዳቦ መጣ» ትላለች። ወደ ሰው ሴል ስናልፍ ሽታው ጠፋ፤ «ዛሬ ምንም አትሸትም» ብላ አኮረፈችኝ።

ሰኞ ዕለት አለቃዬ ደስ ብሏት ኬክ አስመጣች። እኔ ድርሻዬን እንደያዝኩ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ካንሰር ከለቀቃት በኋላ የመጣባት የደም ካንሰር ዲኤንኤዋ የት ቦታ ላይ ተቆርጦ እንደጀመረ ሐኪሟ ነግሮን የለ? ያንን ቦታ ፈለግኩ።

ልዋሽሽ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። እውነቱን ተናግሮ እመሸበት ማደር ይሻላል። ቦታው አለ። መድኃኒቱ ባለበት ኢንዛይሙ እዚያ ደጋግሞ ይቆርጣል፣ በማንም ሰው ሴል ቢሆን። ካርታው ስለ ሚጡ ብቻ አይናገርም፤ አንጀቴ ግን አውቆታል።

ይኼንንም ስሚኝ። ያን ቀን ባትፈርሚ ኖሮ የመጀመሪያው ካንሰር ጥርሷ እስኪነቀል እንኳ አይጠብቃትም ነበር። ብስክሌት መንዳቷ፣ ፊደል መቁጠሯ፣ አንገቴን ማሽተቷ፣ ሁሉም ከፊርማሽ በኋላ የመጣ ነው። ያን ሁሉ የሰጠሻት አንቺ ነሽ።

አለቃዬን ለምኜ ወደ እርሾው ክፍል ተመለስኩ። ዛሬ ቤት ስገባ እንደ ድሮው ዳቦ ዳቦ እሸት ነበር። በሩን ከፍቼ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፣ ጎረቤታችን ወገብህን አመመህ ወይ አለኝ።

የበሩን ቁልፍ አልቀየርኩትም፤ ያንቺው አሁንም ይከፍተዋል። እግዜር እንቅልፍ ይስጥሽ፣ ልብሽንም ይደግፍልኝ።

ያንቺው፣
ዳቦ