የሀፍሳ ቅጽ መሳቢያዬ ውስጥ የሰነበተበት ምክንያት

ይድረስ ለወንድሜ ለዶክተር ቢረሳው፤

እንደምን ሰነበትክ? ያ የእንግሊዝ እርጥብ ብርድ ጉልበትህን እንዴት አደረገው? ሚስጥርስ እንዴት ናት? ልጃችሁስ ጥርስ አበቀለ? እንቅልፍ ታገኛለህ? ዓመቱን ሙሉ ያልጠየቅኩህን ዛሬ አንድ ላይ ጠየቅኩህ፤ ለሁሉም መልሱ «ደህና» ይሁንልኝ። እኛ አለን። ዝናብ ግን የለም፤ ወቅቱ ሲዘለን ይህ አምስተኛው ነው። እማዬ እግሯን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ባለቤቴ አሰገደችም ደህና ናት። እኔም ከደም ግፊቴና ከቁጣዬ በቀር በሽታ የለብኝም።

ደብዳቤ መጻፌ አይግረምህ። በስልክ ብነግርህ እጮኻለሁ፣ አንተም «ኔትወርክ ተቋረጠ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት አይጮኽም፣ አይዘጋምም። እስከ መጨረሻው አንብበው።

የገና ዕለት ደውለህ «ጋሼ፣ ጨረስኩ» አልከኝ። ሁለት ዓመት መሠረታዊ ሥልጠና፣ ሦስት ዓመት የውስጥ ደዌ፣ አራት ዓመት አጣዳፊ ሕክምና፣ በየመሐሉም ፈተና። አሁን በጠና የታመመ ሰው ሆስፒታል ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያየው ስፔሻሊስት አንተ ነህ። እማዬ እልል አለች። አሰገደችም ተከተለቻት። እኔ «እንኳን ደስ ያለህ» ብዬ ስልኩን ለእማዬ ሰጠሁና ወደ ጓሮ ወጣሁ። ቀናሁብህ፣ ቢረሳው። በሃምሳ አራት ዓመቴ ይህን ለታናሽ ወንድሜ መጻፍ ያሳፍራል፤ ሌላ ቃል ብጽፍ ግን ውሸት ይሆናል።

በ1993 ዓ.ም. ለውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ ተቀባይነት አግኝቼ እንደነበር ታውቃለህ? አታውቅም፤ አልነገርኩህም። አባባ ያረፈው በዚያው ክረምት ነው። አንተ ሕክምና ሦስተኛ ዓመት ነበርክ። ሁለታችንም ተማሪ ሆነን እማዬን ብቻዋን መተው አልተቻለም፣ ቀረሁ። በማግሥቱ ዓመት ልሂድ ስል የያኔው አለቃዬ መልቀቂያ ከለከለኝ። «ማን ይተካሃል?» አለኝ። እሱ ሲነሳ ሌላው መጣ፣ ያም እንዲሁ አለ። በመጨረሻ ስጠይቅ «ዶክተር፣ ዕድሜዎ እኮ ገፍቷል» አሉኝ። እነሆ እስከ ዛሬ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ።

አሁን ወደ ሀፍሳ ልምጣ። የባለሱቁ የሳላሃዲን ልጅ ናት፤ ከረሜላ እየሰጠ የሚያባርረን ሳላሃዲን፣ አስታወስከው? ሐኪም ሆና ወደ እኛ ስትመደብ አራት ዓመት አጠገቤ አቁሜ አስተማርኳት። ሳንባ እንዴት እንደሚደመጥ፣ የበሽተኛ ካርድ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ሁሉንም። አንድ ቀን ዘግይታ አታውቅም። ዘንድሮ ለሆስፒታላችን አንድ የስፔሻሊቲ ቦታ መጣ፤ ለድንገተኛና ፅኑ ሕክምና። እሷ ቅጹን ሞልታ አመጣችልኝ፤ ሜዲካል ዳይሬክተሩ እኔ ስለሆንኩ ያለእኔ ፊርማ አይሄድም።

የመጀመሪያውን የአያት ስም ስለጎደለው መለስኩባት። ሁለተኛውን ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለተጻፈ መለስኩባት። አስተካክላ አመጣች። ሦስተኛውን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሥራ እንደበዛብኝ ለራሴም ነገርኩት።

በዚያው ሳምንት ሶራ የሚባል ጎልማሳ ከአሬሮ መጣ። ፍየሎቹን ከመዥገር ሊያድን መርዙን በባዶ እጁ በጥብጦ፣ ነፋስ ፊት ለፊት ቆሞ ረጭቷል። ሲደርስ አረፋ ይደፍቃል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል፣ ደረቱ ውኃ እንደሞላ እንስራ ይንቦጫቦጫል። የመርዙን ማርከሻ፣ ልብ የሚያስሮጠውን አትሮፒን ጀመርን። የልብ ምቱ መቶ ሠላሳ ሲደርስ «በቃ፣ አቁሙ» አልኩ። እኔ የተማርኩት እንደዚያ ነበር።

ሀፍሳ ማዳመጫዋን ከደረቱ ሳታነሳ፣ «ዶክተር፣ ምቱን ሳይሆን ሳንባውን እንከተል። ገና እርጥብ ነው። እስኪደርቅ መቀጠል አለብን» አለች።

«ማን አለ?» አልኳት፣ ነርሶቹ ሁሉ እየሰሙ።

«ዶክተር ቢረሳው።»

ሳንባው እስኪደርቅ ሰጠችው። ሶራ በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ፍየሎቹን ማን እየጠበቀ እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ባልኩት ብናቆም ኖሮ አይጠይቅም ነበር።

ለካ አንተና እሷ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ በቴሌግራም ትጻጻፋላችሁ! በዚያ በፈረንጅ ፊደል በምትጽፈው አማርኛህ ትምህርት ትልክላታለህ። የመግቢያ ፈተናውንም እንዴት እንደምታጠና ነግረሃታል። ለእኔ በዓል ሲሆን «እንኳን አደረሰህ» የሚል አበባ ትልካለህ። እኔ ያስተማርኩት ወንድሜ እኔ ያስተማርኳትን ልጅ ከእንግሊዝ ሆኖ ያስተምራል፣ እኔ መሐል ላይ አላስፈላጊ ሰው ሆኛለሁ። ይህን ስረዳ ምን እንደተሰማኝ እንድታውቅ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

በማግሥቱ ቢሮዬ መጥታ የሀዋሳው ምዝገባ ዓርብ እንደሚዘጋ ነገረችኝ። ቅጹን ከመሳቢያ አወጣሁና በጸሐፊ የተመታው የስሜ ቲተር ፊርማው መስመር ላይ እንዳላረፈ አሳየኋት። ከዚያ አፌ በራሱ «ደግሞስ ማን ይተካሻል?» አለ። ያን የድሮ አለቃዬን በድምፁ አወቅኩት። እሷ ቀና ብላ አየችኝና «እሺ ዶክተር» ብላ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የአምቡላንሱ ሹፌር ጃታኒ «አካም» ብሎ ገባ። የዱብሉቅ ሰው ነው፤ በዚህ ድርቅ ከአርባ ከብት የተረፈው ሁለት ነው። የመጣው የመውጫ ወረቀት ሊያስፈርም ነበር፣ ግን አልወጣም።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኛ ጉድጓድ ላይ የውኃ ተራ አለ፣ ሽማግሌ የቆረጠው። ዘንድሮ ከብቱ ያለቀበት ሰው ተራው ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ?»

«ጃታኒ፣ አንተ መኪናህን ንዳ።»

«እነዳለሁ። ያ ሰው ተራዬ ነበር ብሎ ገንዳው ላይ አይቆምም። ከብት ለተረፈው ይለቅና እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ውኃ ያቀብላል። እኔም አቀብያለሁ፤ የከብቱን ድምፅ ከታች ሆኜ እየሰማሁ። ይከብዳል። ግን ገንዳ የዘጋ ሰው ስሙ አይጠራም።» ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «አሁን ወደ ሀዋሳ በሽተኛ አደርሳለሁ። አንድ ወንበር ባዶ ነው። ባዶውን ይሂድ?»

ተቆጣሁ። ውጣ አልኩት። በር ላይ ሲደርስ መልሼ ጠራሁትና ግማሽ ሰዓት እንዲጠብቅ ነገርኩት።

ቅጹን ፈረምኩ፣ ቲተሩንም ማህተሙንም በቦታቸው አሳረፍኩ። የድጋፍ ደብዳቤዋን ለጸሐፊ አልሰጠሁም፣ ራሴ ጻፍኩት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «በመርዝ የተጎዳ በሽተኛ ስናክም እኔ የተሳሳተ ትእዛዝ ስሰጥ በጨዋነት አርማኝ የሰውየውን ሕይወት አትርፋለች» ብዬ አሰፈርኩ። ሀፍሳ ስታነበው ፊቷ ተለዋወጠ። «ዶክተር፣ ይቺን እንኳ ያውጧት» አለች። «ስሕተት አለባት?» አልኳት። «የለባትም።» «እንግዲያው አትወጣም። ሂጂ፣ መኪናው ያመልጥሻል።» ዓርብ ከቀትር በፊት ተመዘገበች። ፈተናው በሚቀጥለው ወር ነው፣ ታልፋለች።

ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ደግ ሰው ሆነ ብለህ እንዳትጽፍልኝ። ዛሬም ስምህ ከማዕረግህ ጋር ሲጠራ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሆኖም እሷ ስትሄድ ድንገተኛ ክፍሉን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አልተመደበም። የሚቀጥለው ሶራ ሲመጣ ደግሞ «ማን አለ?» ብዬ የምጠይቃት አጠገቤ አትኖርም። ስለዚህ ለሀፍሳ የላክህላትን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ለእኔም ላክልኝ። በአማርኛ ፊደል ጻፈው። የማይገባኝን እጠይቅሃለሁ፤ ስጠይቅህ አትሳቅ፣ «ጋሼ» እያልክም አታባብለኝ፤ እንደማንኛውም ተማሪ አርመኝ።

እማዬ አንተን፣ ሚስጥርንና ልጁን በየስማችሁ ጠርታ መርቃለች፤ «ሹራብ ሳትደርብ አትውጣ» ብላለች። አሰገደች ለሚስጥር ሰላምታዋ ብዙ ነው፣ የልጁን ፎቶ ትፈልጋለች። ሳላሃዲን ለልጁ ከረሜላ አልነፍግም ብሏል። ጃታኒም «ናጋ» በልልኝ ብሎኛል። ሚስጥርን ሳምልኝ፣ ልጁን አቅፈህ ሳምልኝ። አንተንም፣ እንደተቆጣሁ፣ ስሜሃለሁ።

ወንድምህ ሽመልስ
ነገሌ ቦረና
የካቲት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.