ምች አልነበረም፣ አባባ

ይድረስ ለምወድዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ወገብዎስ? እንቅልፍ ይወስድዎታል? እማማን ያ የጥርስ ሕመም ተዋት ወይስ አሁንም ጉንጯን ይዛ ነው የምትውለው? መነጽርዎ ተሰብሮ ይህን ደብዳቤ ታናሽ እህቴ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ። እንግዲህ አንቺ ልጅ፣ የማይጥምሽን መስመር እየዘለልሽ እንዳታነቢ፣ አደራ። እኔ ከናፍቆታችሁና ከድካም በቀር ደህና ነኝ።

ድካሙን አልደብቅዎትም። ቀኑን ሙሉ ማሸጊያው ውስጥ ቆሜ ፍራፍሬ እለያለሁ፤ የበሰበሰው ወደ ግራ፣ ደህናው ወደ ቀኝ። ማሽኑ ቆሞ እንኳ እጄ መሄዱን አይተውም። ማደሪያችን ገብቼ ጋደም ስል ደግሞ ትኋኑ ይቀበለኛል። እኛ የአንድ ክፍል ሴቶች ጠዋት ጠዋት እጅጌ ሰብስቦ መፈራረድ ሆኗል ሥራችን። በመስመር የተደረደረ ከሆነ የትኋን ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ነጠብጠብ ያለ የቁንጫ፤ እዚህም እዚያም ያበጠ የቢንቢ። በሳሙና እናጥበዋለን፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ እናደርግበታለን፣ የሚያክከውን ሰው እጁን መታ እናደርገዋለን። አንሶላውን ቀቅለን፣ ፍራሹን ፀሐይ አስመትተን ተገላገልን ስንል ከግድግዳው ስንጥቅ ይመለሳሉ። ሰለቸኝ አባባ። ግን ይህ ሁሉ ያንገበግባል እንጂ ሰው አይጥልም። የምጽፍልዎት ሰው ስለሚጥለው ነው።

እዚህ ሣጥን የሚያነሳውን መኪና የሚነዳ ሰውዬ አለ፤ ከግዝፈቱ የተነሳ «ተራራው» ነው የምንለው። ሰሞኑን ከፍራፍሬ ሣጥን ውስጥ ተርብ ወጥታ ጣቱን ነደፈችው። እሱም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን፤ ያን የሚያህል ሰው በተርብ ሲዘል ማየት ያስቃል። ሻያችንን ጠጥተን ሳንጨርስ ግን አንገቱና ሆዱ ላይ እብጠት ወጣበት፤ ያሳክከኛል አለ። ከንፈሩ አበጠ። ሊጠራኝ ሲሞክር ድምፁ ሻከረ፣ ከዚያ አስታወከና እግሬ ሥር ወደቀ። የድርጅቱ ነርስ ሮጣ መጥታ ጭኑ ላይ መርፌ ወጋችው፤ በጀርባው አስተኝታ እግሩን ከፍ አስደረገችና ወዲያው ሆስፒታል አስወሰደችው። እንደ ምንም ተረፈ። ነርሷ በኋላ ስታስረዳን፣ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲነደፍ ኖሮ ምንም ሳይሆን ይቆይና አንድ ቀን ሰውነቱ እምቢ ይላል አለች። አንዴ እምቢ ካለ ደግሞ የሚቀጥለው ንድፊያ የባሰ ሊሆን ይችላል አለችን።

እዚያው ቆሜ እህቴ በስልክ የነገረችኝ ትዝ አለኝ። ባለፈው ማር ሲቆርጡ አንዲት ንብ አንገትዎን ነድፋዎት፣ ወዲያው ገላዎ ሁሉ እንደ ተለበለበ አብጦ፣ ድምፅዎ ጠፍቶ፣ አስመልሶዎት ደጃፉ ላይ ተዘረጉ። እማማ «ፀሐይ ላይ ውሎ ምች መታው» ብላ ቅጠል አሽታ አጠጣችዎት፤ እርስዎም ተኝተው ተነሱ፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ። አባባ፣ ምች አልነበረም። ያች ንብ ናት።

ይህንኑ በስልክ ብነግርዎ ሳቁብኝ። «እነሱ እኮ ያውቁኛል፤ ስንት ዘመን ሲነድፉኝ የኖሩ ናቸው» አሉኝ። እሺ፣ ንቦቹ ያውቁዎት። ደምዎ ግን ንቦቹን አላውቅም ብሏል፤ እሱን ምን ብለው ያባብሉታል? አሁን ደግሞ ቀፎዎቹ ሞልተዋል፣ እርስዎም ጭስ ማጨሻውን እየወለወሉ ነው አሉ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።

ንቦቹን ይሽጡ አልልዎትም፤ ቀፎ የሌለበት ጓሮ ውስጥ ቁጭ ብለው አይታዩኝም። ዘንድሮ ግን ጎረቤታችን አናጢው ይቁረጥልዎ። ማር ሲቆርጥ እንጨት የሚሰነጥቅ ነው የሚመስለው እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ይሰንጥቀው። እርስዎ ቤት ገብተው በሩን ዘግተው፣ በመስኮቱ እንደ ልብዎ ይስደቡት። ከዚያ በፊት ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄደው፣ በንብ ተነድፌ እንዲህ እንዲህ ሆንኩ ብለው ለሐኪሙ ይንገሩ። ምች የምትለዋን ቃል ቤት ትተዋት ይሂዱ።

እማማ፣ አሁን አንቺን ነው። ቅጠልሽን አልነቅፍም፣ እኔንም አሳድጎኛል። ንብ የነደፈችው ቦታ ብቻ ካበጠ አትደንግጪ፤ እሾኋን በጥፍርሽ ቶሎ ጠርገሽ አውጪ፣ በሳሙና እጠቢው፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት። ገላው ሌላ ቦታ ካበጠ፣ ፊቱ ከተነፋ፣ ድምፁ ከሻከረ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ካዞረው ግን ቅጠልም ውሃም አትበይ። አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉለት፤ መተንፈስ ካቃተው ደግፋችሁ አስቀምጡት። ደህና ነኝ ቢላችሁ አትመኑት፤ በእግሩ እንዳታስኬዱት፣ መኪና ለምናችሁ ውሰዱት። እህቴ፣ አንቺ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ወደ እኔ መደወል ትወጃለሽ። ያን ቀን እንዳትደውይልኝ። እኔ ከዚህ ሆኜ ከማልቀስ በቀር የማደርገው የለም፤ ስልኩን ስትነካኪ ደቂቃዋ ታልፋለች። መጀመሪያ እሱን አድርሱልኝ፤ ለእኔ በመጨረሻ ይነገረኝ።

እማማን ጉልበቷን ስሜያለሁ። አንባቢዋን ጉንጭሽን ሳሚልኝ ይበሏት፤ ራሷን መሳም ከቻለች። አያቴን ጆሮዋ ሥር ጮክ ብላችሁ ናፍቃሻለች በሏት። አናጢውን ከነቤተሰቡ እጅ ነስቻለሁ፤ እጄን ዘርግቼ ለምኜዋለሁ በሉት። ለንቦቹ ሰላምታ የለኝም።

እርስዎን ግን አባባ፣ ማሩ ይቅርብኝ። በሚቀጥለው ስደውል ስልኩን ያንሱና «አለሁ» ይበሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ የፈለጉትን ያህል ይቆጡኝ።

የምትሳሳልዎ ልጅዎ
ከማሸጊያው ጀርባ ካለው የሠራተኞች ማደሪያ
እሑድ፣ ጥቅምት ፱ ቀን