የፎዚያ ጋቢና

ሰኞ

ቁልፉን እጄ ላይ አኑሮ ሄደ። እኔ ደግሞ ስለ ዋጋ ልከራከር ያሰናዳሁትን ንግግር ሁሉ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ኢብራሂም ነው። ሽርጥ፣ ሻሽና የልጆች ጫማ ታይዋን ገበያ የምረከበው ከሱ ነው፤ ዐሥር ዓመት ተዋውቀናል። ይችን ፎርዊል መኪናውን ሊሸጥ መሆኑን ባለፈው ሳምንት ሰማሁ። «እስከ ቅዳሜ አንቺ ጋ ትቆይ» አለኝ። «አሸዋውንም ዳገቱንም ሞክሪባት። ካልወደድሻት መልሺያት፣ አልቀየምሽም አቦ።» እግዜር ይስጠው። እኔ ብሆን ለወንድሜም አልሰጥም።

የማየው፦ ፍሬን። ፍሪሲዮን። የሞተር ዘይት። ራዲያተር። ጎማ (ሁለቱ ሊያልቁ ነው)። ክሪክ አለ፣ እጀታው የለም።

ለማን እንደምገዛት እዚህ ልጻፈው፣ ለሰው አልተናገርኩምና። ለንግዱ ነው እላለሁ። እውነትም ለንግዱ ነው፤ ግን ለጓደኛዬ ለፎዚያ ነው። እኔና እሷ ከቢዮ አዋሌ ጀምሮ የገጠሩን ገበያ በጭነት መኪና እየተንጠላጠልን አብረን ዞረናል። አምና አንድ ቀን ትኩሳት ይዞኝ ነበር። ጋቢና ውስጥ የቀረው አንድ ቦታ ነው፤ ተራው ደግሞ የሷ። «አንቺ ግቢ» ብላ እኔን አስገብታ እሷ ጭነቱ ላይ ወጣች። መታጠፊያው ላይ ጆንያው ሲናድ አብራ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ።

ከዚያ ወዲህ ጭነት መኪና ላይ መውጣት አልቻለችም። ቤት ቀረች፣ እኔም ብቻዬን እነግዳለሁ። አንድም ቀን «ባንቺ የተነሳ» ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

ስለ መኪናዋ እስካሁን አልነገርኳትም። መጀመሪያ የምትረባ መሆኗን ልወቅ።

ማክሰኞ

ተዋረድኩ።

ጠዋት ወደ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ወረድኩ። በዚያ አሸዋ ላይ ከሄደች የገጠሩ መንገድ አይከብዳትም ብዬ ነው። ተራራው ላይ ደመና አለመኖሩን አስቀድሜ አየሁ፤ እዚያ ዘንቦ ጎርፉ እዚህ ነውና የሚመጣው። የፎርዊሉን ማርሽ አስገባሁ፣ ነዳጅ ሰጠሁ፣ ኻያ እርምጃ ያህል ሄዳ ቁጭ አለች። የኋላው ጎማ አሸዋ ይረጫል፣ የፊቱ ዝም ብሎ ቆሟል። አሸዋ የሚጭኑት ሰዎች አካፋቸውን ተደግፈው ያዩኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበር።

አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው መጡና የፊት ጎማው መሃል ላይ ያለችውን መቆለፊያ በጣታቸው አዞሯት። ዞረው ሄደው የወዲያኛውንም። ለካ እሷ ካልተቆለፈች የፊት ጎማ አይሠራም። «መኪናዋ ምንም አልሆነች፤ አንቺ ነሽ ሳትነግሪያት የገባሽው» አሉኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ስሞክር አስፋልት ላይ እንዳለች ወጣች። ሰዎቹ አጨበጨቡልኝ። አፍሬም ደስ ብሎኛል።

ረቡዕ

አጎቴን ጋሽ ተስፋዬን ከከዚራ ይዣቸው መጣሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የባቡር ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ጡረታ ቢወጡም ጆሯቸው አልወጣም። ኮፈኑን ከፍተው፣ ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ተክለው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። እኔ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠች እናት እጄን አፋትጋለሁ።

«ደህና ትተነፍሳለች» አሉ። «ግን የጠዋት ሙከራ ሙከራ አይደለም። ጠዋትማ እኔም እሮጣለሁ። በቀትር የደንገጎን ዳገት ትውጣ። ባለቤቱም አብሮ ይሁን፤ ብትግል ማን አጋላት እንዳይባል።»

በቀትር! ያን ሰዓት ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ከጥላ ማስነሳት ነውር ነው ማለት ይቻላል። ኢብራሂም ደግሞ ከምሳ በኋላ በርጫውን ለማንም አይሰጥም፤ ትራሱን ደገፍ ብሎ፣ ጫቱን ይዞ፣ ከጓደኞቹ ጋር እስከ ዐሥር ሰዓት ነው። እየፈራሁ ደወልኩ።

«በቀትር? አቦ አስቴር፣ ያኔ እኮ ዝንብም ጥላዋን ይዛ ነው።»

ዘጋው። ተቀየመ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ መልሶ ደወለ። «እሺ። ሽማግሌው ልክ ናቸው።»

ሐሙስ

ተሳካ። ተመስገን።

ስድስት ሰዓት ላይ ተነሳን። ከተማው በሩን ዘግቶ ተኝቷል። ጋሽ ተስፋዬ ጋቢና፣ ኢብራሂም ጫቱን ጉያው ይዞ ከኋላ። መሪው ያቃጥላል፣ በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ነዳሁ። ጋሼ መንገዱን አላዩም፤ ዓይናቸው የሙቀት መለኪያዋ ላይ ነው። ቢዮ አዋሌን ስናልፍ አንዲት ደንበኛዬ ከመሪው ኋላ አይታኝ አፏን ይዛ ቀረች።

ዳገቱ ላይ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ጋ፣ ከፊቴ የነበረ የጭነት መኪና ቆመ። ቆምኩ። ሞተሩ ጠፋብኝ። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ኢብራሂም «ቢስሚላህ» ሲል ሰማሁ፣ ከዚያ ምንም አልሰማሁም። የእጅ ፍሬን። አንደኛ ማርሽ። ፍሪሲዮኑን ቀስ። ወጣች። ዘንድሮ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ወዲህ እንደ ዛሬ ሾፌር ነኝ ብዬ አላውቅም።

መለኪያዋ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ብላ እዚያው ቆመች። ደንገጎ ላይ ቀዝቃዛው ነፋስ ሲቀበለን ጋሼ ኮፈኑን አስከፍተው አዩ። «ይቺ የውሃ ቱቦ አርጅታለች። ሌላው ይበቃል።» ኢብራሂም እኔ ሳልናገር ቱቦውን ራሱ እንደሚቀይር ተናገረ። በርጫውን አበላሽቼበት፣ ላብ በላብ አድርጌው፣ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። የሚያውቀኝ ሰው መኪና ስለገጠመኝ እድለኛ ነኝ።

ዓርብ

ጋሽ ተስፋዬን ላመሰግን ማንጎ ይዤ ሄድኩ። እየላጡ፣ «ፎዚያስ? ወጥታባታለች?» አሉ። ለምን እንደምገዛት አልነገርኳቸውም ነበር። መንገርም አያስፈልግም፣ ያውቁኛል።

አሸዋውን ሞከርኩ፣ ዳገቱን ሞከርኩ፣ ቀትሩን ሞከርኩ። የምትቀመጥባት ሰው መውጣት መቻል አለመቻሏን አንዴም አላሰብኩም። ሄጄ ለካሁ፤ የጋቢናው ወለል ከጉልበቴ በላይ ነው። መረገጫ የላትም። ፎዚያ በዱላ ነው የምትሄደው። ወንድ ተሸክሞ እንዲያስገባት ደግሞ ብትሞትም አትፈቅድም።

እራት አልበላሁም። ካልወጣች እመልሳታለሁ፣ ቆርጫለሁ። ያለ ፎዚያ ምን ታደርግልኛለች? ከባለሱቁ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ለመረገጫ ለመንኩ። ለሷ ደወልኩና ነገ ቤት ቆይ አልኳት። «እሺ» ብላ ብቻ ዘጋች።

ቅዳሜ

ሳላድር ልጻፈው።

መጋላ ሰፈር፣ ደጇ ላይ አቆምኩ። ፎዚያ ለገበያ የምትለብሰውን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ለካ ከማክሰኞ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አንዱ አሸዋ ጫኝ ጎረቤቷ ነው። ሳጥኑን አውርጄ በሩ ሥር አስቀመጥኩ።

«ይሄ ለማን ነው?» አለችኝ።

«ላንቺ። ከፍታው...»

በዱላዋ ገፋ አደረገችው። ዱላውን ወንበሩ ላይ ጣለች፣ የበሩን መያዣ ጨበጠች፣ ደህናውን እግሯን አስቀደመች፣ ጥርሷን ነከሰች። አንድ ጊዜ ወደ መሬት ተመለሰች። ልይዛት ስል በዓይኗ አቆመችኝ። በሁለተኛው ወጣች።

ልጇ ነኢማ ከኋላ ሳቀች። «በየቀኑ እኮ አልጋ ላይ፣ መስኮት ላይ፣ ስትወጣ ስትወርድ ናት። ተይ ብንላት አትሰማም።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩ።

«መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ ቀን ጀምሮ» አለች ፎዚያ ራሷ። «አንቺ መኪና ሳትገዢ እንደማታርፊ አውቃለሁ። ስትመጪ እንዳላስጠብቅሽ ብዬ ነው።»

ገብቼ መሪውን ያዝኩ። እሷን ማየት አልቻልኩም። «ያን ቀን ጋቢናው ያንቺ ነበር» አልኳት። አንድ ዓመት ሙሉ ልላት ስፈልግ የኖርኩት ነገር ነው።

«አውቃለሁ። ዛሬም አሞሽ ብትመጪ አንቺ ግቢ እልሻለሁ። በይ ንጂ አቦ፣ ሙቀቱ ሊገድለን ነው።»

ነዳሁ። የደቻቱን ድልድይ ስንሻገር እያለቀስኩ ነበር፤ እሷ ግን «ፍሬን የምትይዢው ዘግይተሽ ነው» እያለች ትነታረካለች። ከኢብራሂም ጋር ሰኞ ስም ልናዛውር ተቀጣጥረናል። ክሪኩ እጀታ ይፈልጋል። ሳጥኑንም ለባለሱቁ መመለስ አለብኝ።