ለዳገት ውድድር የፖስታ ብስክሌት አሸናፊ ስለመባሉ

ቀን፦ ግንቦት 11

ለድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የውድድር ብስክሌት ምርጫው ውጤት ተሰርዞ ከእሑዱ ውድድር በፊት ትክክለኛው ብስክሌት እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፦

ጉዳዩ ከላይ በአጭሩ ተጽፏል፤ ንዴቴ ግን በርእስ የሚያልቅ ስላልሆነ ከዚህ በታች እንድዘረዝረው ይፈቀድልኝ። እኔ ጠዋት ጠዋት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የድርጅታችን የብስክሌት ክለብ ተወዳዳሪ ነኝ። ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ጽፌልዎት ነበር። መልስ ሳጣ ተቀይሜዎት እንደነበር አልደብቅም። ኋላ ግን ደብዳቤ የሚያደርሱት ጋሽ አድርስ የሚነዱት ብስክሌት እኔ ቤት መቆሙ ትዝ አለኝና ቅያሜዬን አነሳሁ። ይህኛውን በእጄ ይዤ መጥቻለሁ።

1. አምና በዳገቱ ውድድር አራተኛ ወጣሁ። ለብሔራዊ ቡድን የሚያልፉት ሦስት ናቸው። በሦስተኛዋ የተበለጥኩት በአንድ ጎማ ርዝመት ነው። አሰልጣኛችን የዘንድሮው የመጨረሻ ዕድሌ መሆኑን ፊት ለፊት ነግረውኛል፤ ካላለፍኩ ቦታዬን በክለቡ ላሉት ታናናሾቼ ለቅቄ ቀኑን ሙሉ መዝገብ ቤት እውላለሁ። መዝገብ ቤቱን አልጠላውም። ዳገት ስወጣ ግን ሌላ ሰው ነኝ፤ ይህን ሰው ገና አልጠገብኩትም። እርስዎም ነገሩ ገብቶዎት አንድ ጥሩ የውድድር ብስክሌት እንዲገዛ ፈቀዱ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

2. ለሙከራ ሁለት ብስክሌቶች መጡ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። ሁለቱንም ነዳኋቸው። ቀዩ ሰባት ኪሎ አይሞላም፣ በአንድ እጅ ብድግ ይላል። ጥቁሩ ኪሎ ተኩል ያህል ይበልጠዋል፤ ቱቦዎቹ ጠፍጠፍ ተደርገው የተሠሩት ነፋሱን ሰንጥቀው እንዲያልፉ ስለሆነ ሜዳ ላይ ማን ይችለዋል! ፔዳሉን በኃይል ስረግጠውም አካሉ አይለመጥም፤ ጉልበቴ ሳይባክን ጎማው ላይ ይደርሳል። ቀዩ በዚህ በኩል ትንሽ ይለመጣል፣ አልዋሽም። ውድድሩ ሜዳ ላይ ቢሆን ጥቁሩን ስጡኝ ብዬ እሟገት ነበር። ዳገት ላይ ግን በዝግታ ስለሚኬድ ነፋሱ ያን ያህል አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የተሸከሙት ነገር ነው። ስለዚህ ለእኔ የሚሆነው ቀዩ ነው። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነበር። አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቅ ነበር።

3. የግዢ ኮሚቴው ግን ሦስት ተወዳዳሪ ካልቀረበ ምርጫ የሚባል ነገር የለም አለ። ሦስተኛው ሻጭ ቀርቷል። ሰብሳቢው ዞር ዞር ሲሉ ኮሪደሩ ላይ የቆመውን የጋሽ አድርስን ብስክሌት አዩና ወደ ስብሰባ አዳራሹ አስገቡት። እኔ ክው ስል፣ “አይዞሽ እህቴ፣ ለወጉ ያህል ነው” አሉኝ። እኔ ሞኟ ለወጉ ያህል ዝም አልኩ።

4. ነጥብ የተሰጠው አምና የብረት ካዝና ሲገዛ በተዘጋጀው ቅጽ ነው። አዲስ ማዘጋጀት ጊዜ ይፈጃል ተብሎ “ካዝና” የሚለው ተሰርዞ “ብስክሌት” ተብሎ ተጻፈበት። በዚህ ቅጽ ክብደቱ የበለጠ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኛል፤ ካዝና ከባድ እንዲሆን የሚፈለገው ሌባ እንዳይሸከመው ነውና። የጋሽ አድርስ ብስክሌት መጋዘን ሚዛን ላይ ሲወጣ ሃያ አንድ ኪሎ መዘነ። ቀዩ ሲወጣማ ሚዛኑ ተበላሽቷል ተብሎ ሁለቴ ተመታ። ሌባው እኮ እኔ ነኝ፣ የምሸከመው እኔ ነኝ ብል ማን ይስማኝ!

ለጥንካሬው ፈተና ሰውነታቸው ሞላ ያለው የግምጃ ቤት ኃላፊ ከየብስክሌቱ ኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ላይ እንዲቀመጡ ተወሰነ። የውድድር ብስክሌት የዕቃ መጫኛ የለውም። ስለዚህ ቀዩና ጥቁሩ ዜሮ አገኙ። በጋሽ አድርስ ብስክሌት ላይ ኃላፊው ተደላድለው ከተቀመጡ በኋላ ስብሰባው እስኪያልቅ አልወረዱም። እኔ ስለ ፔዳል አረጋገጥ ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ “ከብረት የበለጠ ምን ጥንካሬ ትፈልጊያለሽ?” አሉኝ እዚያው እንደተቀመጡ።

የነፋሱ መስፈርት ካዝና ላይ ስላልነበረ “ነፋስን መቋቋም” ተብሎ በእስክሪብቶ ተጨመረ። የጸሐፊዋ ማራገቢያ መጣ፤ ሁለቱ ብስክሌቶች ወንበር ተደግፈው ቆሙ። ማራገቢያው ገና ሲበራ ቀዩ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ጥቁሩም ተከተለው። የጋሽ አድርስ ግን የማቆሚያ እግር ስላለው ንቅንቅ አላለም። ኮሚቴው አጨበጨበ። ቃለ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ተፈረመ።

ከዚህ በኋላ ላለው ቁጥር የምሰጥበት ትዕግሥት የለኝም። አሸናፊው ብስክሌት የራሳችን ንብረት ስለሆነ መግዛት አላስፈለገም ተብሎ ኮሚቴው ወጪ በመቆጠብ ተመሰገነ። ብስክሌቱም በፊርማ ለእኔ ተሰጠ። ሰብሳቢውን ደጅ ብጠናቸው፣ “ስህተት መሆኑን እኔም አላጣሁትም፤ ግን የተፈረመ ቃለ ጉባኤ እንዴት ተደርጎ ይመለሳል?” ብለው በጣም አዘኑልኝ። ማዘናቸው እውነት ነው፤ የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው።

ልምምዴን በዚሁ ቀጥያለሁ። በየሰፈሩ ሳልፍ ሰዎች ከበር እየወጡ “ለእኛ ምንም የለም?” ይሉኛል። እናቴ በመስኮት አይታኝ፣ “ልጄ፣ ወይ አንቺ ተቀመጪበት ወይ እሱ ይቀመጥብሽ፣ አንዱን ምረጡ” ብላ ሳቀችና ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ። የክለቡ ታናናሾቼ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ከመጠበቃቸው ይልቅ እንዳላፍር ብለው አለመሳቃቸው አንጀቴን ይበላዋል።

ጋሽ አድርስም በእግራቸው ደብዳቤ እያዞሩ ጉልበታቸው አብጧል። እንዲያም ሆኖ ጠዋት ቤቴ ድረስ መጥተው ብስክሌቱን በጨርቅ ይወለውሉታል፤ “ቁልቁለት ላይ የኋላውን ፍሬን አትመኚው፣ አደራ” ይሉኛል። ቅር ብሏቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ “ኧረ ተይ! አንቺ እለፊልኝ እንጂ” አሉኝ።

ስለሆነም፦ የምርጫው ውጤት እንዲሰረዝ፣ ቀዩ ብስክሌት ለእሑድ እንዲደርስልኝ፣ ጋሽ አድርስም ብስክሌታቸው እንዲመለስላቸው በትሕትና እለምናለሁ።

ይህ ሁሉ አይቻልም ከተባለ አልቀርም፤ እሑድ በተሰጠኝ ብስክሌት እወዳደራለሁ፣ እግሬ እምቢ እስኪለኝ እረግጣለሁ። በዚህ ጊዜ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት የሥራ ባልደረቦቼ ከውድድሩ በኋላ ስለ እኔ ሪፖርት እንደሚጽፉ አውቃለሁ፤ ምን ብለው እንደሚጽፉም አውቃለሁ። መዝገብ ቤት የገባ ወረቀት ደግሞ ከሰው ይልቅ እንደሚታመን በየቀኑ አያለሁ። ስለዚህ “ዕድሜዋ ገፍቷል” ተብሎ ከመጻፉ በፊት፣ “ብስክሌቱ ከባድ ነበር” የሚል አንድ መስመር ማኅተም አርፎበት አስቀድሞ ይሰጠኝ።

ከብዙ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የክለቡ የዳገት ተወዳዳሪ